መንጢቅ እና የኮምፒውተር ሒሳብ፦ በካይሮ የሚገናኙ ሁለት ትምህርቶች

ካይሮ፦ በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግብጽን እንዲያስተዳድሩ ከኢስታንቡል የተላኩት አሕመድ ፓሻ ለሒሳብ ትምህርት የተለየ ፍቅር ነበራቸው። ካይሮ ገብተው ከአል-አዝሃር ዑለማዎች ጋር ሲወያዩ ግን ሒሳብን ባነሡ ቁጥር መልስ የሚሰጣቸው አጡ። ቅሬታቸውንም ለአል-አዝሃር ታላቅ ሸይኽ ለዐብደላህ አሽ-ሹብራዊ ገለጡላቸው። ሸይኹ አብዛኛው የአል-አዝሃር ሰው ለውርስ ክፍፍል ከሚያስፈልገው ስሌት ያለፈ ሒሳብ እንደማያጠና ሳይሸሽጉ ነገሯቸውና ወደ አንድ ዓሊም መሯቸው። ዓሊሙ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ነበሩ።

የሸይኽ ሐሰን አያት ቅድመ አያቶች ከሐበሻ ምድር የመጡ ጀበርቲዎች ናቸው። በአል-አዝሃር መስጊድ ውስጥ የሐበሻ ሙስሊሞች ማደሪያና መማሪያ የነበረው የሪዋቀል ጀበርት አለቅነትም በዚሁ ቤተሰብ እጅ ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቷል። ታሪኩን ጽፈው ያቆዩልን ልጃቸው ዝነኛው ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) ናቸው። ፓሻው ከሸይኽ ሐሰን ተምረው የጥላ ሰዓት በእብነ በረድ ላይ እስከ መቅረጽ እንደ ደረሱና አንዱም በአል-አዝሃር ግቢ እንደ ተተከለ ይነግሩናል።

በዚያ ዘመን አል-አዝሃር ሒሳብ ቢያጥረውም የአመክንዮ ትምህርት አላጠረውም። ዒልመል መንጢቅ የፊቅህና የዐቂዳ ተማሪ ሁሉ ሊይዘው የሚገባ መሣሪያ ተደርጎ ይሰጥ ነበር። አል-አኽደሪ የተባሉት የአልጄሪያ ዓሊም ገና በ21 ዓመታቸው፣ በ941 ዓመተ ሂጅራ፣ በግጥም ያዘጋጁት «አስ-ሱለም» የጀማሪው መጽሐፍ ነበር። ከሹብራዊ በኋላ የአል-አዝሃር ሸይኽ ከሆኑት መካከል አሕመድ አድ-ደመንሁሪ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመትም ኢብራሂም አል-ባጁሪ ማብራሪያ ጽፈውለታል። መንጢቅ በአንድ ቤት፣ ሒሳብ በሌላ ቤት ይኖሩ ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ያገናኙት በአውሮፓ የተነሡ የሒሳብ ሰዎች ናቸው። ጆርጅ ቡል እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ አስተሳሰብን እንደ አልጀብራ ማስላት እንደሚቻል አሳየ፤ ጎትሎብ ፍሬገም በ1879 «ሁሉም» እና «አንዳንድ» የሚሉ ቃላትን ወደ ሒሳብ አስገባ። ዛሬ በካይሮ፣ በዐይን ሸምስና በሒልዋን ዩኒቨርሲቲዎች ኮምፒውተር የሚያጠና ወጣት ዲስክሪት ማቲማቲክስ በሚባለው ኮርስ የሚያገኘው የፕሮፖዚሽናልና የፕሬዲኬት ሎጂክ ትምህርት የዚህ ጋብቻ ፍሬ ነው። በኢትዮጵያም ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ የሚገባ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሒሳብ ኮርሱን የሚጀምረው ከዚሁ ምዕራፍ ነው።

በዐባሲያ ሰፈር ከየአገሩ የመጡ የአል-አዝሃር ተማሪዎች የሚኖሩበት መዲነቱል ቡዑስ ይገኛል፤ የዐይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢም በዚሁ በዐባሲያ ነው። ሱለምን የተማረ ሰው ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ቢዘልቅ ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። የሚያደናቅፉት ስፍራዎችም አሉ፤ እነዚህን አስቀድሞ አለማወቅ ፈተና ያስወድቃል፣ ሲብስም የተሳሳተ ፕሮግራም ያስጽፋል።

«ከሆነ» በሚለው ቃል እንጀምር። «ሶላቱ ትክክል ከሆነ ሰጋጁ ጠሃራ አለው» እንበል። ሶላቱ ትክክል መሆኑ ከታወቀ የጠሃራው መኖር ይከተላል። ጠሃራ ከሌለም ሶላቱ ትክክል አይደለም። ነገር ግን ጠሃራ ስላለው ብቻ ሶላቱ ትክክል ነው ማለት አይቻልም፤ ቂብላን ስቶ ይሆናል፣ ወቅቱም አልገባ ይሆናል። ይህንን የመንጢቅ ተማሪም የዲስክሪት ተማሪም በአንድ ቃል ይመሰክራሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። መንጢቅ በሁለቱ ክፍሎች መካከል እውነተኛ ትስስር ያለበትን «ሉዙሚያ»፣ በአጋጣሚ የተገጣጠመውን ደግሞ «ኢቲፋቂያ» ብሎ ይለያል። የሒሳቡ ሎጂክ ስለ ትስስሩ አይጠይቅም፤ እውነትና ሐሰትን ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ «አባይ ወደ ደቡብ የሚፈስ ከሆነ ሁለት ሲደመር ሁለት አምስት ነው» የሚለው አረፍተ ነገር በእውነት ሠንጠረዡ ላይ «እውነት» ተብሎ ይመዘገባል፤ የፊተኛው ክፍል ሐሰት ነውና። ተማሪው ይህንን እንደ ቀልድ ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ ሒሳቡ ግን በዚሁ ስምምነት ይቆማል።

መንጢቅ ከዘመናዊው የመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ የሚታየው «ወይም» ላይ ነው። ሦስት ዓይነት «ወይም» ይለያል። «ቁጥሩ ተጋማሽ ነው ወይም ኢተጋማሽ ነው» ሲባል ሁለቱ አብረው አይሆኑም፣ ሁለቱም አይቀሩም፤ ይህ «ሐቂቂያ» ነው። «መንገደኛው አሁን ካይሮ ነው ወይም አዲስ አበባ ነው» ሲባል በሁለቱም ሊገኝ አይችልም፣ ካርቱም ሆኖ ከሁለቱም ሊታጣ ግን ይችላል፤ ይህ «ማኒዐቱል ጀምዕ»፣ አብሮ መገኘትን ከልካዩ ነው። «አመልካቹ ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ያቅርብ» ሲባል ሁለቱንም ቢያቀርብ የሚከለክለው የለም፣ ባዶ እጁን መምጣት ግን አይችልም፤ ይህ «ማኒዐቱል ኹሉው» ነው። ዲስክሪት ማቲማቲክስ ያለ ቅጽል «ወይም» ሲል ይህንን የመጨረሻውን ማለቱ ነው፤ የመጀመሪያውን ለይቶ ኤክስኦር ይለዋል። መካከለኛው ናንድ የሚባለው ሲሆን፣ ሄንሪ ሼፈር እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳረጋገጠው ሌሎቹ የአመክንዮ ማያያዣዎች ሁሉ ከእርሱ ብቻ ሊሠሩ ይችላሉ። የኮምፒውተርን የስሌት ዑደት በሙሉ ከዚህ አንድ ዓይነት በር መገንባት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአማርኛ ሲጠየቅ «ሻይ ወይስ ቡና?» የሚለው አንዱን እንድንመርጥ ያስገድደናል፤ «ወይም» ግን በሦስቱም ትርጉም ስለሚያገለግል አንባቢው ከዐውዱ መለየት ይኖርበታል።

ቋንቋችን ከዚህ የባሰ ወጥመድ የሚዘረጋው በ«ሁሉም» ላይ ነው። «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» የሚለውን አንዱ አንድም ሰው አልመጣም ብሎ ይሰማዋል፣ ሌላው የቀሩ አሉ ብሎ ይረዳዋል። «ሁሉም መጡ» ለሚለው ቃል ትክክለኛው ተቃራኒ፣ መንጢቅ «ነቂድ» የሚለው፣ «ቢያንስ አንዱ አልመጣም» የሚለው ነው። «ማንም አልመጣም» ነቂድ አይደለም፤ ግማሹ መጥቶ ግማሹ ቢቀር ሁለቱም ሐሰት ይሆናሉና። ሁለቱ ትምህርቶች እዚህ ላይ ይስማማሉ። በክርክርም ቢሆን «ሁሉም እንዲህ ናቸው» ያለን ሰው ለመርታት አንድ ማስረጃ ብቻ ይበቃል።

የሚለያዩት መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ነው። «በመደርደሪያው ያሉ መጻሕፍት ሁሉ ዐረብኛ ናቸው» ተብሎ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ቢገኝ፣ መንጢቀኛው ሐሰት ነው ይላል፤ በእርሱ ሕግ አዎንታዊ አረፍተ ነገር እውነት የሚሆነው ባለቤቱ ሲኖር ነው። የሒሳቡ ሎጂክ ግን ዐረብኛ ያልሆነ መጽሐፍ አልተገኘምና እውነት ነው ይላል። ክርክሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። የአመልካቾችን ሰነድ የሚመረምር ፕሮግራም «የቀረቡት ሰነዶች ሁሉ ማኅተም አላቸውን?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ምንም ሰነድ ያላቀረበው አመልካች ሳይያዝ ያልፋል። ፕሮግራም ጸሐፊው «ቢያንስ አንድ ሰነድ አለ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ለብቻው መጨመር አለበት። መንጢቀኛው ይህንን ቅድመ ሁኔታ ሳይጠየቅ ይጨምረው ነበር።

መንጢቅ በካይሮ ያለ ክርክር አልኖረም። እ.ኤ.አ. በ1248 በዚሁ ያረፉት አፍደሉዲን አል-ኹነጂ በአንድ በኩል የግብጽ ቃዲ፣ በሌላ በኩል በዘመናቸው ከታወቁት የመንጢቅ ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። ኢብን ተይሚያና የካይሮው አስ-ሱዩጢ ግን ትምህርቱን አጥብቀው ነቅፈዋል፤ አል-አኽደሪም የዑለማዎችን ሦስት አቋም በግጥማቸው ሳይሸሽጉ አስፍረዋል። ከሃይማኖታዊው ክርክር ተለይቶ የሚታይ የትምህርቱ የራሱ ወሰንም ነበረ። «ሀ ከለ ጋር እኩል ነው፣ ለ ከሐ ጋር እኩል ነው፣ ስለዚህ ሀ ከሐ ጋር እኩል ነው» የሚለውን ቀላል ስሌት የመንጢቅ ሊቃውንት «ቂያሱል ሙሳዋት» ብለው ለብቻው አስቀመጡት፤ ከውጭ ሌላ መነሻ ካልተጨመረለት በተለመደው የቂያስ ቅርጽ አይገባምና። በሁለት ነገሮች መካከል ያለን ዝምድና በቀጥታ የሚይዝ መሣሪያ የሰጠው ፕሬዲኬት ሎጂክ ነው።

ተማሪውን ከሁሉ በላይ የሚያደክመውም ይኸው መሣሪያ ነው። ፔአኖ እ.ኤ.አ. በ1897 ለ«አለ» ምልክት አወጣ፤ ጌንትሰን በ1935 ለ«ሁሉ» የተገለበጠውን የላቲን ፊደል ጨመረ። ሁለቱ ምልክቶች ሲከታተሉ ቅደም ተከተላቸው ትርጉሙን ይለውጣል። «ለእያንዳንዱ ደረሳ አስተማሪ አለው» ቢባል የጀበርቱ ደረሳ በአንዱ ሸይኽ፣ የመግሪቡ በሌላው ሸይኽ ሊማር ይችላል። «ደረሳውን ሁሉ የሚያስተምር አንድ ሸይኽ አለ» ቢባል ግን ለአል-አዝሃር ሪዋቆች ሁሉ አንድ ሰው በቃ ማለት ነው። ከሁለተኛው የመጀመሪያው ይከተላል፤ ከመጀመሪያው ግን ሁለተኛው አይከተልም።