ከጥይቱ በፊት ጭሱ፦ ስለ ሰላም ማስከበር የደህንነት ሥራ ተረቱና እውነታው

በሰላም ማስከበር ተልእኮ ውስጥ የጸጥታና የእሳት አደጋ መከላከል ሠራተኛ ምን ይሠራል ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው የሚናገረው ሰማያዊ ቆብ አጥልቆና ጠመንጃ አንግቶ በር ላይ ስለቆመ ወታደር ነው። ለዚህ ግምት በእኛ አገር በቂ ምክንያት አለ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ የኮንጎ ዘመቻ አንሥቶ እስከ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉርና አብዬ ድረስ ኢትዮጵያ በብዛት የላከችው ወታደር ነው፤ ሰላም አስከባሪ የሚለውን ስም የለመድነውም ከሠራዊት ጋር ተቆራኝቶ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ግምቱ የሚያሳስተው ስለ ልብሱና ስለ መሣሪያው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ ነበር። የሚያሳስተው ግን ስለ አደጋው ነው። የደህንነት ሠራተኛውን ወታደር ብቻ አድርጎ ያየ ሰው አደጋውንም ጠላት ብቻ አድርጎ ያያል፤ ዓይኑ አጥሩ ላይ ስለሚቀር ከኋላው ያለውን የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የነዳጅ በርሜልና ከውስጥ የማይከፈት በር አያስተውልም። በዚህ የተሳሳተ እይታ ምክንያት ሰው ይሞታል ብዬ አምናለሁ፤ ማስረጃውም አለ።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሆነ እንለይ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት (ተመድ) የጸጥታ አስተዳደር ሥርዓት በዋናነት የሚያቅፈው ሲቪል ሠራተኞችንና በግል የተመደቡ የጦርና የፖሊስ ባለሙያዎችን ነው። በሻለቃ ተደራጅቶ የመጣ ጦር ተጠሪነቱ ለኃይል አዛዡ ስለሆነ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። የሠራተኛውን ደህንነት የማስጠበቅ ቀዳሚ ኃላፊነት ያለበት ደግሞ አስተናጋጁ መንግሥት ነው። የጸጥታ አማካሪው ስጋቱን መርምሮ፣ መፍትሔውን አዘጋጅቶ ያቀርባል፤ «እንቆይ ወይስ እንውጣ» የሚለውን የሚወስነው ግን በአገሩ ደረጃ የተሰየመው የድርጅቱ ከፍተኛ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ይህ ሰው በአብዛኛው የሥራ ቀኑ የሚይዘው የሕንፃ ፕላን፣ የመንገድ ካርታና የሠራተኞች ስም ዝርዝር ነው። የታጠቁ የድርጅቱ ጠባቂዎች አሉ፤ ሆኖም እነሱ የሥራው አንድ ክፍል እንጂ ሙሉው አይደሉም።

ይህ አደረጃጀት በደም የተገዛ ነው። ኦገስት 19 ቀን 2003 ባግዳድ በሚገኘው ካናል ሆቴል ፈንጂ የጫነ መኪና ፈንድቶ የተመድ ልዩ ልዑክ ሰርጂዮ ቪየራ ዴ ሜሎን ጨምሮ 22 ሰዎች ሞቱ። የቀድሞው የፊንላንድ ፕሬዚዳንት ማርቲ አህቲሳሪ የመሩት ገለልተኛ ቡድን በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት የድርጅቱ የጸጥታ አስተዳደር ሥራውን በአግባቡ የማይሠራ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። በ2005 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የተመድ የደህንነትና ጸጥታ መምሪያ የዚያ ጥፋት ውጤት ነው። ከሪፖርቱ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር የጠመንጃ እጥረት አይደለም። ፍንዳታ ሲደርስ የመስኮት መስታወት ተሰባብሮ ሰውን እንዳይቆራርጥ የሚለጠፈው መከላከያ ፊልም በወቅቱ አለመለጠፉ ከድክመቶቹ መካከል ተቆጥሯል። በፍርስራሹ ሥር በሕይወት የነበሩትን ለማውጣት የሞከሩት ሰዎችም ለዚያ የሚሆን መሣሪያ አልነበራቸውም። ፊልም መለጠፍና የነፍስ አድን መሣሪያ አሟልቶ ማስቀመጥ የዘበኛ ሥራ አይደለም።

«ሰላም አስከባሪን የሚገድለው ጥይት ነው» የሚለው ተረት ከሁሉ የጸና ነው። የተመድ የራሱ መዝገብ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ከ1948 ወዲህ በሰላም ማስከበር ላይ ከ4,400 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ በጥቃት የሞቱት ከአራት አንድ ገደማ ናቸው፤ በሕመምና በድንገተኛ አደጋ የሞቱት ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ። የተሽከርካሪ መገልበጥ፣ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተር መከስከስ፣ ወባ፣ የልብ ሕመም ዜና ሆነው ብዙ አይቆዩም፤ በመዝገቡ ላይ ግን አሉ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ሄይቲን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ የተልእኮውን ዋና መሥሪያ ቤት አፍርሶ የተልእኮውን መሪ ሄዲ አናቢን ገደለ፤ በዚያች አንድ ቀን የሞቱት የተመድ ባልደረቦች 102 ናቸው። ማንም አልተኮሰባቸውም።

«ይህ አማካይ ቁጥር ነው፤ ማሊን ምን ልትል ነው?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። ከ2013 እስከ 2023 በቆየው የማሊ ተልእኮ ከ300 በላይ ሰላም አስከባሪዎች ሞተዋል፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በጥቃት ነው። ብራዚላዊው ጡረተኛ ጄኔራል ሳንቶስ ክሩዝ በ2017 መጨረሻ ያቀረቡት ሪፖርትም የጥቃት ሞት በከፍተኛ ደረጃ መጨመሩን አስጠንቅቋል። ጥቃቱን ማሳነስ ስህተት ነው። ሆኖም በጥቃት የተጎዳ ሰው መትረፍ አለመትረፉ የሚወሰነው አብዛኛውን ጊዜ ተኩሱ ከቆመ በኋላ ባለው ሰዓት ነው። ተመድ ዛሬ የሚከተለው መመሪያ የመጀመሪያ እርዳታ በ10 ደቂቃ፣ ከፍ ያለ ድንገተኛ ሕክምና በ1 ሰዓት፣ ቀዶ ሕክምና በ2 ሰዓት ውስጥ እንዲደርስ የሚል ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ቤተሰቦች ባዶ ደንብ አይደለም። በኦገስት 2011 አብዬ ውስጥ አራት ኢትዮጵያውያን ሰላም አስከባሪዎች በፈንጂ ሞተዋል። በወቅቱ ተመድ እንደገለጸው ሦስቱ ወዲያው አልሞቱም፤ የሚያነሣቸው ሄሊኮፕተር የሱዳንን የበረራ ፈቃድ ሲጠብቅ ሕይወታቸው አለፈ። ሱዳን ክሱን አስተባብላለች። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ የማንሻ በረራ ፈቃድን አደጋው ከመድረሱ በፊት በወረቀት ማስያዝ የደህንነት ሥራ እምብርት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ወደ እሳቱ እንምጣ። ሰው ስለ ቃጠሎ ሲያስብ ነበልባሉን ይፈራል፤ የሚገድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጭሱ ነው። በአገራችን በዝግ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ የተኛን ሰው እስከ ወዲያኛው የሚያስቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ በቃጠሎ ጭስ ውስጥም አለ፤ ሽታ የለውም፣ የተኛን አይቀሰቅስም። በተልእኮ ሰፈር ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ሠራተኛው የሚኖረውና የሚሠራው በተገጣጣሚ ቤትና በኮንቴይነር ውስጥ ነው። የብዙዎቹ ግድግዳ በሁለት ስስ ቆርቆሮ መሃል የተሞላ ፎም ነው። ፖሊዩሬቴን የተባለው ፎም ሲቃጠል ከካርቦን ሞኖክሳይድ ሌላ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለ መርዝ ያወጣል። ጠባብ ክፍል በዚህ ጭስ ለመሞላት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተደረደሩት ማቀዝቀዣ፣ የውኃ ማፍያና ምድጃ ገመዱን ያግላሉ፤ ቤቶቹ ተጠጋግተው ከተተከሉ እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ስለዚህ የእሳት መከላከል ባለሙያው ዋና ውሳኔ የሚሰጠው ሰፈሩ ሲነደፍ ነው፦ በቤቶች መካከል ምን ያህል ርቀት ይተው፣ ነዳጁ የት ይቀመጥ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ስንት ዕቃ ይሸከም።

ነዳጁን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ለአውሮፕላን የሚውለው ጄት ኤ-1 ነዳጅ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ማውጣት የሚጀምርበት ዝቅተኛ የሙቀት ደረጃ 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በማሊዋ ጋኦ የአየሩ ሙቀት ብቻውን ከዚህ የሚያልፍባቸው ወራት አሉ። አየሩ ቀዝቀዝ ባለበት አገር «ለመቀጣጠል ማሞቅ ይፈልጋል» የሚባለው ነዳጅ እዚያ ፍንጣሪ ብቻ ይበቃዋል።

«ግድግዳው ላይ ቀዩ ማጥፊያ ተሰቅሏል፣ ምን ያሳስባል?» የሚለው አጭር መልስ የሚበቃው ተረት ነው። 6 ኪሎ ዱቄት የያዘ የእጅ ማጥፊያ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ለጅምር እሳትና ሰው የሚወጣበትን መንገድ ለመክፈት ይጠቅማል፤ ከዚያ ያለፈውን አይመክትም። በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ መድፋት እሳቱን ያዛምታል፤ ኤሌክትሪክ ባለበት ውኃ መርጨትም ረጪውን ሊገድል ይችላል። ማረፊያ ሜዳ ላይ ደግሞ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ የእሳት አደጋ መኪናው ማኮብኮቢያው ላይ ወዳለ ማናቸውም ቦታ ከ3 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ እንዲደርስ ያዛል። ይህን ያህል ፍጥነት የሚገኘው በልምምድ ብቻ ነው።

ከተረቶቹ ሁሉ አደገኛው «አጥሩ በጠነከረ ቁጥር ሰው ይድናል» የሚለው ይመስለኛል። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2012 በሊቢያ ቤንጋዚ የአሜሪካ ልዑክ ግቢ ሲጠቃ አምባሳደር ክሪስ ስቲቨንስና አንድ የሥራ ባልደረባቸው በብረት ፍርግርግ በተዘጋ መጠለያ ክፍል ውስጥ ነበሩ። አጥቂዎቹ ወደ ክፍሉ መግባት አልቻሉም፤ በግቢው ውስጥ ለጄኔሬተር የተቀመጠ ናፍጣ አርከፍክፈው ሕንፃውን አቃጠሉት። ሁለቱ ሰዎች የሞቱት በጭስ ታፍነው ነው። ፍርግርጉ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ጭስን ግን ፍርግርግ አያስቆመውም። ይህ የአንድ መንግሥት ልዑክ እንጂ የሰላም ማስከበር ተልእኮ አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን ለተልእኮ ሰፈር በቀጥታ ይሠራል። ኦክቶበር 28 ቀን 2009 ካቡል ውስጥ የተመድ ሠራተኞች ያደሩበት የእንግዳ ማረፊያ ሲጠቃም ቤቱ በእሳት ተያይዟል፤ አምስት የድርጅቱ ባልደረቦች ሞቱ፣ ሌሎቹ ያመለጡት የድርጅቱ የጥበቃ ባልደረቦች አጥቂዎቹን በተኩስ ባዘገዩበት ጊዜ ነው። ጥቃትና እሳት አንድ ላይ ይመጣሉ፤ በሁለት ቢሮ ለያይቶ ማቀድ ለዚህ ነው የማይሠራው።

ሁለቱ ሙያዎች የሚጋጩበት ቦታ ግን በእርግጥ አለ። የጸጥታ ባለሙያው በር ተዘግቶ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ የእሳት ባለሙያው በር እንዲከፈት። ጥቃት ሲመጣ ትእዛዙ «ተጠለሉ» ነው፣ እሳት ሲነሣ «ውጡ» ነው፤ ሁለቱ ደወሎች ካልተለዩ ሰው ወደ ሞቱ ሊሮጥ ይችላል። «መውጫ በበዛ ቁጥር መግቢያም ይበዛል» የሚል ተቃውሞ ያላቸው የጸጥታ ሰዎች ተሳስተዋል ማለት አይቻልም፤ ስጋታቸው እውነት ነው። መልሱ ያለው በአሠራሩ ላይ ነው። ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ያለ ቁልፍ በአንድ ግፊት የሚከፈት በር ከተሠራ ቆይቷል። የመስኮት ፍርግርግም ከውስጥ በእጅ የሚለቀቅ ሊሆን ይችላል። የመጠለያ ክፍል ሁለተኛ መውጫና ጭስ የማያስገባ መዝጊያ ሊኖረው ይገባል፤ ነዳጅም ከመጠለያው ርቆ ተቆልፎበት መቀመጥ አለበት። ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ከገንዘቡ በላይ የሚጠይቀው ግን ሁለቱ ባለሙያዎች አንድ ፕላን ላይ አብረው መፈረማቸውን ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከሰብዓዊ ሠራተኞች የሚመጣ ነው፦ ጥበቃ በበዛ ቁጥር ተልእኮው ከሚያገለግለው ሕዝብ ይርቃል። ባግዳድም ቢሆን ወታደር የበዛበት ግቢ ሆኖ ላለመታየት ሲባል ጥበቃው እንዲላላ ተደርጎ ነበር፤ ፍላጎቱ መልካም ነበር፣ ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ዋና ጥያቄውን «መቼ እንውጣ» ከሚለው ወደ «እንዴት አድርገን እንቆይ» አዙሮታል፤ በእኔ እምነት ትክክለኛው ጥያቄ ይኸኛው ነው። ደህንነትም የሠራተኛው ብቻ አይደለም። ፌብሩዋሪ 17 እና 18 ቀን 2016 በደቡብ ሱዳን ማላካል በተመድ ጥበቃ ሥር የነበረው የተፈናቃዮች ሰፈር ሲጠቃ በርካታ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች መጠለያም በእሳት ወደመ። በሸራና በእንጨት ተጠጋግተው የተሠሩ መጠለያዎች መካከል እሳት የሚያቋርጥ ባዶ መስመር መተው ሲቪሎችን የመጠበቅ ሥራ እንጂ የቢሮ ጣጣ አይደለም።

ጦር የሚልኩ አገሮችም እዚህ ድርሻ አላቸው። ተመድ ለላኪ አገሮች ወጪ የሚተካበት ደንብ የእሳት ማጥፊያን፣ የእሳት መጠቆሚያንና ማስጠንቀቂያን ሻለቃው ራሱ ሊያሟላቸው ከሚችሉ አገልግሎቶች መካከል ይቆጥራቸዋል፤ አገሩ እችላለሁ ብሎ ሲፈርም ይከፈለዋል፣ ዕቃው መኖሩና መሥራቱም ይፈተሻል። እንደ ኢትዮጵያ ያለ የረጅም ጊዜ ላኪ አገር ይህን ፍተሻ እንደ ጥይት ቆጠራ አክብዶ ሊያየው ይገባል።

የወታደሩ ሥዕል የሚያስከፍለን አንድ ተጨማሪ ዋጋ አለ። ሙያውን የጠመንጃ ሥራ አድርጎ ያሰበ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፣ የእሳት አደጋ መከላከያ ባልደረባ ወይም የሕንፃ ተቆጣጣሪ ለቦታው አያመለክትም፤ ተልእኮዎቹ በብርቱ የሚፈልጉት ግን ይህን ዕውቀት ነው። የጦርና የፖሊስ ልምድ ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ቦታዎቹ በድርጅቱ የቅጥር ድረ ገጽ በይፋ ይወጣሉ፤ ማጣሪያው የትምህርትና የሥራ ማስረጃ፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ነው። ተመድ ለማመልከቻ፣ ለቃለ መጠይቅ፣ ለሥልጠናም ሆነ ለሌላ የቅጥር ደረጃ ከአመልካች ምንም ክፍያ አይቀበልም። በድርጅቱ ስም ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አጭበርባሪ ነው፤ አትክፈሉ፣ ለፖሊስ አመልክቱ።