የትምባሆ ንግድና የጥናት አስፈላጊነት በጫኖ

አስተዋይ ነጋዴ ዕቃውን ሳይመዝን ዋጋ አይቈርጥም። ትምባሆን ለመቈጣጠር የሚወጣ ሕግም እንደዚሁ በሚዛን ሊደገፍ ይገባዋል፤ ሚዛኑም ጥናት ነው።

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 822/2006 አጽድቃለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 በመላው አገሪቱ በተደረገ ጥናት፥ ከዐዋቂዎች 5 በመቶ የሚሆኑት፥ ይኸውም ከወንዶች 8.1፥ ከሴቶች 1.8 በመቶ፥ የትምባሆ ተጠቃሚዎች መሆናቸው ታወቀ። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው መሸጥን፥ ማስታወቂያ መንገርንና ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጤስን ከለከለ፤ የፓኮውንም ፊትና ጀርባ 70 በመቶ የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል አዘዘ። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በየፓኮው 8 ብር ኤክሳይዝ ታክስ ጣለ። ዋጋ በ10 በመቶ ሲጨምር በታዳጊ አገሮች ፍጆታው 5 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ይሁን እንጂ ሥዕሉም ታክሱም የሚያርፈው በፓኮ ላይ ነው። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰው በቤቱ ዙሪያ ከእንሰቱና ከጎመኑ አጠገብ ትምባሆ ይተክላል። ይህ ቅጠል ፓኮ የለውም፤ ማስጠንቀቂያም አይለጠፍበትም። ታዲያ ሲጋራ በተወደደ ጊዜ አጫሹ ማጤሱን ይተዋልን፥ ወይስ ወደ ቅጠሉ ይዞራል? ይህን የአገር አቀፉ አኃዝ ብቻውን አይመልሰውም፤ በየስፍራው ሊጠና ይገባል።

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን በአባያ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው፥ በሙዙና በማንጎው የታወቀው ጫኖ ለጥናት እንግዳ አይደለም። በጫኖ ሚሌ ቀበሌ ከ2001 እስከ 2003 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ሕዝቡን በየሳምንቱ እየተከታተሉ የወባን ሁኔታ አጥንተዋል። ለወባ የተደረገው ትጋት ለትምባሆም ቢደረግ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ትምባሆ ከተጠቃሚዎቹ እስከ ግማሽ የሚሆኑትን ይገድላልና።

በዚህ ሥራ ባለሱቁ ትልቅ ድርሻ አለው። ስንት ፓኮ በምን ዋጋ እንደተሸጠ፥ ታክስ ያልተከፈለበት ዕቃ ከገበያ መግባት አለመግባቱን ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ጠያቂ በመጣ ጊዜ እውነቱን ቢናገር፥ ሕጉን አክብሮ ለልጆች የማይሸጠው ነጋዴ ደንብ በሚጥሰው ጎረቤቱ እንዳይጎዳ ማስረጃ ይሆናል። የሆቴል ባለቤቶችም ቢሆኑ ሊሰጉ አይገባም፤ ማጤስ በቤት ውስጥ በተከለከለባቸው አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በጠቅላላው ገበያው አለመቀነሱን አረጋግጠዋል።