በምን አለሽ ተራ የሴት ነጋዴ ድርሻ፦ ከእንሰት ጓሮ እስከ ውርስ ክፍፍል

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ የሚገኘው የምን አለሽ ተራ ስም ራሱ ለሴት የቀረበ ጥያቄ ነው። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው ጠርሙስ፣ ጀሪካን፣ ቆርቆሮና ብረታ ብረት እዚያ ይራገፋል፤ የዘይት በርሜል ምድጃ፣ የመኪና ጎማ ጫማ ሆኖ ይወጣል። ሴቶች ጠርሙስ ያጥባሉ፣ ዕቃ ይለያሉ፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራሉ፣ ሒሳብ ይይዛሉ። ሱቁ የማን ነው ሲባል ግን የሚጠራው ስም አብዛኛውን ጊዜ የባል ነው። ይህ አጠራር ባል በሕይወት ሳለ ማንንም አያስቸግርም። ባል ሲሞት ወራሾች ይሰበሰባሉ፣ ኢማም ይጠራል፤ ያን ጊዜ ሚስቲቱ «ምን አለሽ?» ተብላ በእውነት ትጠየቃለች።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄው ለምን ዛሬ እንደ ከበደና ፊቅሁ ለመልሱ ምን መንገድ እንደሚሰጥ ነው።

መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተስፋፋ ሥፍራ ነው። ከስልጤና ከጉራጌ ምድር የወጡ ሰዎች በዚያ ንግድ ላይ ሥር የሰደዱት በየጊዜው በፈለሱ ወንዶች አማካይነት ነበር። ወንዱ ከተማ ሠርቶ ለዓረፋ ወይም ለመስቀል ይመለሳል፤ ሚስት አገር ቤት ትቀራለች። መቅረቷ ግን ሥራ ፈትቶ መጠበቅ አልነበረም። እንሰት ተክሎ ማዛወር በአመዛኙ የወንድ ድርሻ ሲሆን፣ መፋቁ፣ ቆጮውንና ቡላውን ማዘጋጀቱ፣ ቅቤውን ማጠራቀሙና ገበያ ማውጣቱ የሴት ነበር። ዊሊያም ሻክ ስለ ጉራጌ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1966 በታተመው መጽሐፉ ይህን ኑሮ የእንሰት ባህል ብሎ የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቤቱን ያቆመው እንሰቱ ነው፣ እንሰቱን ምግብ ያደረገችው ሴቲቱ ናት። በዚያ ኑሮ ውስጥ የራሷ የሆነው ነገር በግልጽ ይታወቅ ነበር፤ የቅቤዋን ዋጋ ማንም የባሏ ገንዘብ ነው አይላትም።

ቤተሰቡ ጠቅልሎ ከተማ ሲገባ ይህ ድንበር ፈረሰ። ሚስት ከጓሮዋ ተነቅላ ወደ ሱቅ ገባች፤ ሥራዋ በዛ፣ የራሷ ብላ የምትለየው ነገር ግን ጠፋ። ተራማጅነት ሁልጊዜ ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄድ ይመስለናል፤ በዚህ ነገር አካሄዱ የተገላቢጦሽ ነው።

በሌላው የሙስሊም ዓለም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በኢንዶኔዥያ፣ በምዕራብ ሱማትራ የሚኖሩት ሚናንግካባው ሙስሊሞች ዘራቸውን በእናት ወገን ይቆጥራሉ፤ የአባቶች ሳይሆን የእናቶች ቤትና የሩዝ ማሳ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። በዚያም ወንዱ ለንግድ ይሰደድ፣ ሴቲቱ ቤቱን ትጠብቅ ነበር። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ላይ ሴቶችም ባሎቻቸውን ተከትለው ወደ ጃካርታና ወደ ሌሎች ከተሞች መሄድ አበዙ። በጃካርታ የታናህ አባንግ ገበያ የሚናንግካባው ነጋዴዎች ስም እንደ መርካቶ ስልጤዎችና ጉራጌዎች የታወቀ ነው። ከእናቷ ቤት የራቀችው ሴት የማሳዋ ጥበቃ አብሯት አልሄደም፤ በከተማ ያላት ከባሏ ጋር ያፈራችው ብቻ ሆነ። በመካ የሻፊዒያ ኢማምና ኸጢብ የነበሩት ሚናንግካባዊው ሸኽ አሕመድ ኸጢብ የእናት ወገንን ውርስ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ የኋላ ዘመን ሊቃውንትና የባህል አባቶች ደግሞ ከአያት የወረደው ንብረት በባህሉ፣ በላብ የተገኘው በፈራኢድ ይከፈል በማለት ለይተዋል። ለእኛ የሚጠቅመን መለየቱ ነው፦ ከክፍፍል በፊት የተነሣው ጥያቄ ይህ ንብረት ከየት መጣ የሚል ነበር።

ይህንኑ ጥያቄ ወደ ምን አለሽ ተራ እናምጣው። ባልና ሚስት ሱቁን በ40,000 ብር ጀመሩ እንበል፤ 10,000ው ከሚስት መህርና ከዕቁቧ የወጣ ነው። ባል ሲሞት ሱቁ 800,000 ብር ያወጣል፤ ልጆች አሉ፤ ሌላ ዕዳም ኑዛዜም የለም። የሚስት ሚራስ አንድ ስምንተኛ መሆኑን ማንም ተማሪ ያውቃል። አንድ ስምንተኛ ግን ከምን? ገንዘቧን ለባሏ ስጦታ አድርጋ ሰጥታ ከነበረ ሁሉም ተሪካ ነውና 100,000 ብር ታገኛለች። አበድራው ከነበረ 10,000ው እንደ ዕዳ አስቀድሞ ይወጣላታል፤ ከቀረው 790,000 የሚደርሳት 98,750 ሲጨመር 108,750 ይሆናል። ሸሪካ ከነበረች ግን በሻፊዒያ መዝሀብ ትርፍና ኪሳራ የካፒታሉን መጠን ይከተላልና ሩቡ፣ ማለትም 200,000 ብር፣ ቀድሞውንም የራሷ ነው፤ ተሪካው 600,000 ብቻ ሆኖ ከዚያ 75,000 ትወርሳለች፤ ድምሩ 275,000 ነው። የፈራኢዱ ስሌት በሦስቱም ትክክል ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ከስሌቱ በፊት የቀረው ጥያቄ ነው። ሱረቱ አን-ኒሳእ የሚራስን ድርሻ ኑዛዜና ዕዳ ከተፈጸመ በኋላ ማድረጓ፣ ለወንዶችም ለሴቶችም ካፈሩት ድርሻ እንዳላቸው መግለጿም ይህን ያጠነክራል።

ዕቁቡን እንዲያው አላነሣነውም። አንዳንድ ሰው የሴቶችን ዕቁብ እንደ ወሬ ማሳለፊያ ያየዋል። የሻፊዒያ ሊቃውንት ግን ቁም ነገር አድርገው ጽፈውበታል፦ አል-ቀልዩቢ በሐሺያቸው፣ ሴቶች በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ገንዘብ አዋጥተው ለየተራው የሚሰጣጡትን ማኅበር አንሥተው፣ ወሊዩ አል-ዒራቂ እንደተናገሩት የተፈቀደ ነው ብለዋል። የዕቁብ ደብተር እንግዲህ የምስክር ያህል የሚጠቅም ሰነድ ነው።

አስቸጋሪው ካፒታል ሳታወጣ ሃያ ዓመት ጠርሙስ ያጠበችውና ሒሳብ የያዘችው ሴት ጉዳይ ነው። በሻፊዒያ የጉልበት ሽርክና አይጸናም፤ ደመወዝ ሳይነሣ ለሌላው የሠራ ሰውም በታወቀው አቋም ክፍያ የለውም። ኢማም አን-ነወዊ በሚንሃጅ ውስጥ ግን ሠራተኛው በዚያ ሥራ ለክፍያ መሥራቱ የታወቀ ከሆነ ይከፈለዋል የሚለውንም አቋም አንሥተው ሊወደድ እንደሚችል ጠቁመዋል። ከመዝሀቡ ውጭ ስንመለከት፣ በሞሮኮ የማሊኪያው ሊቅ ኢብን ዐርዱን ለጉማራ ተራሮች ሴቶች በእርሻ ሥራቸው ልክ ከምርቱ ድርሻ እንዲሰጣቸው የሰጡት ፈትዋ ይታወቃል። ኢንዶኔዥያም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣችው የኢስላማዊ ሕግ ድንጋጌ አንደኛው ሲሞት የጋራ ሀብቱ ግማሽ ለቀሪው ተጋቢ እንዲሆን ደንግጋለች። በአገራችን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን ሀብት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ አድርጎ ይገምታል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች (አዋጅ ቁጥር 188/1992) ጉዳዩን የሚያዩት ደግሞ ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። ሚስት የጋራ ሀብት ክርክሯን በመደበኛው ፍርድ ቤት ልታቀርብ ትችላለች። የሴቲቱን ድካም ሳይጠይቅ ወደ ሸሪዓው ዳኝነት የሚጠራት ሰው ወደዚያው በር እየገፋት መሆኑን ቢያውቅ መልካም ነው። በእኛ አስተያየት በሚንሃጅ የተጠቀሰው አቋም ለዚህ ገበያ ልማድ የቀረበ ነው፤ በዚያው ሱቅ የሌላ ሰው ሚስት ብትሠራ ደመወዝ ይከፈላት ነበርና።

«ሚስት ለቤቷ ብላ ሠራች፣ አጅሯን ከአላህ ታገኛለች» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። አጅሩ እውነት ነው። ግን የዐብደላህ ኢብን መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ) ለባሏና ለምታሳድጋቸው የቲሞች ማውጣቷ ሶደቃ ይሆን እንደሆነ ባስጠየቀች ጊዜ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የዝምድናና የሶደቃ ሁለት አጅር እንዳላት መግለጻቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሶደቃ የሚሆነው የራሷ ገንዘብ ስለሆነ ነው፤ የባል ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ጥያቄውም ባልተነሣ ነበር።

ከዓረብ አገር ገንዘብ የምትልክ ሴት ልጅ ጉዳይም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ገንዘቧ በወንድሟ ሱቅ ከዕቃው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል፣ ስትመለስ ስጦታ ነበር ይባላል።

ለኢማሞች ተግባራዊ የሚሆነው ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነው። አንዱ ኒካሕ ሲታሰር፣ መህሩ በእጇ መግባቱንና ወዴት እንደሚውል፤ ሌላው ሱቅ ሲከፈት፣ የምታወጣው ብድር፣ ስጦታ ወይስ ሽርክና መሆኑን። ሱረቱ አል-በቀራ ዕዳን እንዲጻፍ ካዘዘች፣ የሁለት መስመር ወረቀት በምስክር ፊት መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ቤተሰቡ ሁሉ፣ የባል ወንድሞችም ጭምር፣ በአንድ ቤት የሚገኙበት ጊዜ ዓረፋ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ በወራቤ አካባቢ ቢጻፍ ከመርካቶ ይልቅ ይቀላል። እዚያ አገር ቤት የቀረችው ሚስት ስም በገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ ከባሏ ስም ጋር ሰፍሮ ይገኛል፤ ከተማ የገባችው ሚስት ስም በሱቁ የኪራይ ውል ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም።