ፍሪጃችን ብርድ ቦታ ሲቆም ሥጋውና መድኃኒቱ ምን ይሆናል?

የዛሬው ርዕሳችን ከአንድ የስልክ ጥያቄ የተነሣ ነው።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ባሉባት፣ ብርዷም በጠናው የአሜሪካ ግዛት በሚኒሶታ ነው። በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደውላ ከሰላምታው በኋላ፣ «አንቺ የመድኃኒት ሰው ነሽ፤ እስቲ ይህን ፍቺልኝ» አለችኝ። በሰኔ 2016 ያረዱትን የዒድ አል-አድሓ ሥጋ በሁለተኛው ፍሪጃቸው የላይኛው በር ማለትም በፍሪዘሩ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ፍሪጁ የቆመው ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ ጋራዥ ማለት ከቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ማሞቂያ የሌለው የመኪና ማደሪያ ክፍል ነው። በሙቀቱ ወራት እንደ ድንጋይ ደርቆ የቆየው ሥጋ፣ ውጭው መቀዝቀዝ ሲጀምር ለስልሶ፣ ከፌስታሉም ቀይ ውሃ ወርዶ አገኘችው። «መብራት አልጠፋ፣ ፍሪጁ አልተነቀለ! ደጁ እየቀዘቀዘ ሥጋው እንዴት ይቀልጣል?» ነበር ጥያቄዋ።

እውነቱን ለመናገር ወዲያው መልስ አልነበረኝም። እኛ መድኃኒት ቤት የምንሠራ ሰዎች ፍሪጅን የምናውቀው ጠዋትና ማታ ሙቀቱን በመመዝገብ ነው እንጂ ሞተሩን በመፍታት አይደለም። አንድ የፍሪጅ ጠጋኝ ጠይቄ፣ ስለ ጉዳዩም አንብቤ ስጨርስ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ።

ሞተሩ ለምን ዝም አለ?

ብዙዎቹ ተራ ባለ ሁለት በር ፍሪጆች አንድ ሞተርና አንድ የሙቀት መቆጣጠሪያ (ቴርሞስታት) ብቻ ነው ያላቸው። ቴርሞስታቱ የሚለካው ወተትና አትክልት የምናስቀምጥበትን ክፍል ነው እንጂ ፍሪዘሩን አይደለም። ያ ክፍል ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በላይ ሲሞቅ ሞተሩ ይነሣል፤ ፍሪዘሩም አብሮ ይቀዘቅዛል። ሞቃት ቤት ውስጥ ሙቀት ያለማቋረጥ ወደ ፍሪጁ ስለሚሰርግ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሣል፤ ፍሪዘሩም ድርሻውን ያገኛል።

የጋራዡ አየር ራሱ 4 ወይም 5 ዲግሪ ሲሆንስ? የታችኛው ክፍል ያለ ሞተሩ እርዳታ ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚቆይ ቴርሞስታቱ ሞተሩን አያስነሣም። ፍሪዘሩ ግን የሚያስፈልገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ነው። ሞተሩ ለረጅም ሰዓታት ዝም ሲል ፍሪዘሩ ቀስ በቀስ ወደ ጋራዡ ሙቀት ይጠጋል፤ በመጨረሻም ሥጋው ይቀልጣል። በእህቴ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

በጥር ወር ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። የጋራዡ አየር ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ ተራ ፍሪጅ ማቀዝቀዝ እንጂ ማሞቅ ስለማይችል የታችኛው ክፍልም በረዶ ይሆናል። ወተት ይደርቃል፣ እንቁላል ይሰነጠቃል። ከዚህ የሚብስም አለ።

«ከሥጋው ሌላ ምን አለበት?»

ይህን ስጠይቃት፣ «የአማቴ ትርፍ ኢንሱሊን አለ» አለችኝ። ደነገጥኩ። ከሥጋው ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነበር። በዚያው ሰዓት ወደ ወጥ ቤቱ ፍሪጅ እንድታዛውረው ነገርኳት። አልሐምዱ ሊላህ፣ ከዜሮ በታች የሚወርደው ብርድ ገና አልገባም ነበር።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ፣ ቢቀልጥም መልሶ መጠቀም አይገባም። ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ኃይሉ ግን አስተማማኝ አይደለም። ታማሚው እንደወትሮው እየተወጋ ስኳሩ ሊወጣበት ይችላል፤ ምክንያቱም ቶሎ አይገኝም። ስለዚህ ኢንሱሊንም ሆነ ሌላ ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት ጋራዥ ውስጥ፣ ወይም ቤት ባለው ፍሪጅ የኋላ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ አይቀመጥ።

የቀለጠው ሥጋስ?

ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ከመራባት ያግደዋል እንጂ አይገድለውም። ሥጋው ሲቀልጥ ባክቴሪያውም ይነቃል። መለኪያው እንዲህ ነው፦ በሥጋው ውስጥ አሁንም የበረዶ ቅንጣት ካለ፣ ወይም ከ4 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ፣ ጣዕሙ ቢቀንስም መልሶ ማቀዝቀዝ ወይም ቶሎ አብስሎ መብላት ይቻላል። ከ4 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ይጣላል። «ሽታው ደህና ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም። «በደንብ እቀቅለዋለሁ» ማለትም እንዲሁ፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተውት መርዝ በመቀቀል አይጠፋምና። እህቴ መቼ እንደቀለጠ ማወቅ ስላልቻለች እያዘነች ጣለችው።

ኀዘኗ ይገባኛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ወቅት ችግረኞች በመምጣታቸው የኡድሒያ ሥጋ ከሦስት ቀን በላይ እንዳይቀመጥ ከልክለው፣ በኋላ ግን መብላትንም፣ መመጽወትንም፣ ማስቀመጥንም እንደፈቀዱ ከዑለሞቻችን ተምረናል። ማስቀመጥ ከተፈቀደ አቀማመጡን ማወቅ የኛ ድርሻ ነው። ለጎረቤትና ለሚስኪን ሊደርስ ይችል የነበረ ሥጋ ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት ከባድ ነው።

ለብርድ ቦታ ምን ዓይነት ይመረጥ?

1ኛ/ ዓላማችሁ ሥጋና ሳምቡሳ ማቆየት ብቻ ከሆነ፣ ወደ ላይ የሚከፈተው ሣጥን መሰል ፍሪዘር ይሻላል። ቴርሞስታቱ የሚለካው ፍሪዘሩን ራሱን ስለሆነ በጋራዡ ብርድ አይታለልም። ቢሆንም መመሪያው እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚፈቅድ አንብቡ፤ በከባድ ብርድ የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር ሞተሩ ሊቸገር ይችላል።

2ኛ/ ፍሪጅና ፍሪዘር በአንድ ላይ ካስፈለገ ለጋራዥ ተብሎ የተሠራ ይገዛ። በአሜሪካ ከ0 እስከ 110 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 እስከ 43 ሴልሺየስ ድረስ እንዲሠሩ ተብለው የሚሸጡ አሉ። በሻጩ ቃል ብቻ አትመኑ፤ ቁጥሩን በመመሪያው ላይ እዩት።

3ኛ/ ያላችሁን ፍሪጅ መለወጥ ካልቻላችሁ፣ ለአንዳንድ ሞዴሎች ከቴርሞስታቱ አጠገብ የሚገጠም ትንሽ ማሞቂያ ይሸጣል። ሥራው ቴርሞስታቱ ሙቀት ተሰምቶት ሞተሩን እንዲያስነሣ ማድረግ ነው። ለሞዴላችሁ የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጡ።

4ኛ/ ምድር ቤት (ቤዝመንት) ካላችሁ ከጋራዥ ይመረጣል። መሬት ውስጥ ያለ ክፍል ሙቀቱ ቶሎ አይለዋወጥም። ችግሩ እርጥበትና ውሃ መግባቱ ስለሆነ ፍሪጁን ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት።

5ኛ/ የትም ይቁም፣ በሁለቱም ክፍሎች ቴርሞሜትር አኑሩ። ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ ፍሪዘሩም ከዜሮ በታች 18 መሆኑን እዩ። በተጨማሪም አንድ ስኒ ውሃ ፍሪዘሩ ውስጥ አድርቃችሁ ሳንቲም በላዩ አስቀምጡ። ሌላ ቀን ሳንቲሙ ከስኒው ሥር ካገኛችሁት፣ እናንተ ሳታዩ ውስጡ ቀልጦ ተመልሶ ደርቋል ማለት ነው።

እኛስ ሀገር?

«ይህ የፈረንጅ ሀገር ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም። በአዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ውርጭ ይጥላል። ፍሪጁን በረንዳ ላይ ወይም በቆርቆሮ በተሠራ ዕቃ ቤት የሚያቆም ሰው ጥቂት አይደለም።

በብዙ ፍሪጆች ውስጠኛ ግድግዳ ወይም ጀርባ ላይ የአየር ጠባይ ምድብ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። «ኤስኤን» ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ባለው ክፍል እንዲሠራ የተሠራ ነው። ከዓረብ ሀገር የተላከ «ቲ» ብቻ የተጻፈበት ፍሪጅ ለሙቀት የተሠራ እንጂ ለደጋ በረንዳ አይደለም። «ኤስኤን-ቲ» የሚል ካገኛችሁ ከ10 እስከ 43 ዲግሪ የሚያዳርስ ነውና ለደጋው ሰው ይህ ይሻላል። ያም ሆኖ ፍሪጁን ወደ ቤት ማስገባት ዋጋ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

እህቴ ያን ፍሪጅ ባዶ አድርጋ ነቀለችው። በቦታው ሣጥን መሰሉን ፍሪዘር ገዝታ ቤዝመንት ውስጥ አቆመች። የረመዳኑን ሳምቡሳ ያስቀመጠችው እዚያ ነው። በየሳምንቱም «ሳንቲሙ ከላይ ነው» እያለች ትልክልኛለች።

እናንተም ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የፍሪጃችሁን ምድብ አንብቡ፤ ባሕር ማዶ ላሉ ዘመዶቻችሁም ደውላችሁ፣ «የእናታችንን ኢንሱሊን የት ነው ያስቀመጣችሁት?» ብላችሁ ጠይቁልን። አላህ ጤናችንንና ሪዝቃችንን ይጠብቅልን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም።