የጀመረው ስንት ሰዓት ነው?

ከጋይንት በመጣ ሚኒባስ አንድ ጎልማሳ በወንድሞቹ ተደግፎ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ሲወርድ አየሁ። ቀኝ እጁ ዝሏል፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። መቼ እንደጀመረው ጠየቅኩ። «ትናንት ከብት ሲያስገባ ነው» አለ አንደኛው። «የለም፣ ምሳ ሳይቀምስ ነው» አለ ሌላው። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ሲጠጣ አድሯል፤ ምልክቱ ግን የስትሮክ ነበር።

ያ ሙግት አልለቀቀኝም፤ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በዚያች ሰዓት ነውና። የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ በመደበኛነት የሚሰጠው ስትሮኩ በጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመው የአሜሪካ ጥናት 3 ሰዓት ብሎ ነበር፤ በ2008 የአውሮፓ ሐኪሞች አንድ ሰዓት ተኩል ጨመሩበት። አስቀድሞ ሲቲ ስካን ግድ ይላል፤ ደም ለፈሰሰበት አንጎል ይኸው መድኃኒት ገዳይ ነው። መነሻ ሰዓቱ ካልታወቀ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ለመስጠት አይደፍርም።

በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ማይክል አለን፣ ማርቲን ጀምስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በእንግሊዝና በዌልስ 132 ሆስፒታሎች የገቡ ከ240 ሺህ በላይ የስትሮክ ታማሚዎችን መዝገብ ለኮምፒውተር ሰጡት። ኮምፒውተሩ ታማሚው ከበር እስከ መርፌ የሚያልፍበትን መንገድ አስመስሎ ሠራ። በማሽን ለርኒንግ ደግሞ የየሆስፒታሉን ሐኪሞች ውሳኔ ተማረ። ስለዚህ «ይህ ሰው ሌላ ሆስፒታል ቢገባ ኖሮ ይሰጠው ነበር?» ተብሎ ሊጠየቅ ቻለ። ምርመራው ቢፈጥን፣ መነሻ ሰዓቱ በደንብ ቢጣራ፣ ውሳኔውም እንደ ጎበዞቹ ሆስፒታሎች ቢሆን፣ መድኃኒቱን የሚያገኙት ከ11.6 በመቶ ወደ 18.3 በመቶ ከፍ ይሉ ነበር። እኔን የያዘኝ መካከለኛው ነው፤ ሰዓቱን ማጣራት ማሽን አይጠይቅም።

ደብረ ታቦር ባለችበት በደቡብ ጎንደር ይህን ስሌት ለመሥራት የሚያስፈልገው መዝገብ ከየት ይገኛል? አንድ የጤና ኃላፊ «በደብዳቤ ጠይቅ» አሉኝ፤ ደብዳቤዬ መልስ አላገኘም። ድንገተኛ ክፍል ለዓመታት የሠሩ አንዲት ሲስተር ግን አልሸሸጉኝም፦

«ካርዱ ላይ የምንጽፈው የገባበትን ሰዓት ነው። የጀመረበትን የምታውቀው ሚስቱ ናት፤ እሷ ደግሞ ልጆቹን ይዛ ቤት ቀርታለች። እኔ ስንት ሰዓት ነው አልልም። ከብት ሲወጣ ነው? ቅዳሴ ሲወጣ ነው? እላለሁ። ያኔ ይነግሩኛል። ግን የት ልጻፈው? ቦታ የለውማ!»

መዝገቡ ቢገኝ እንኳ መንገዱ አለ፦ ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለስማዳና ለታች ጋይንት ሰው ደብረ ታቦር ራሱ ሩቅ ነው። የወረዳ አምቡላንሶች በዋናነት የታሰቡት ለወላድ እናቶች ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልሉ ጦርነት መንገዱንም ኢንተርኔቱንም ሲዘጋ ሲከፍት ቆይቷል። ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ሊያሰላው ይችላል፤ ሲቲ ስካን የትኛው ከተማ ቢተከል ስንት ሰው በሰዓቱ እንደሚደርስ ከሩቅ ይናገራል፣ መዝገቡ ካለ። እስከዚያው ግን ከሞት የተረፈ ብዙ ገበሬ እርፍ ሳይጨብጥ ይቀራል።

የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ካርዱ ላይ «ሕመሙ የጀመረበት» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። እናንተም ወገኖቼ፣ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ አንደበት ሲተሳሰር ሰዓቱን ያዙ፤ ዳማከሴውን ትታችሁ ያየውን ሰው ጭምር ይዛችሁ ሆስፒታል ድረሱ።