የመጀመሪያው ሻምፒዮን ማነው? የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ቅርጫት ኳስ የዋንጫ ታሪክ

ባለፈው ሴሚስተር በስፖርት ዘገባ ክፍለ ጊዜ አንድ አጭር የቤት ሥራ ተሰጥቶን ነበር። የአሜሪካ ኮሌጆችን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ታሪክ በአንድ አንቀጽ መጻፍ፣ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንም መጥቀስ ነው። ቀላል መስሎን ነበር። በማግስቱ ክፍል ስንገናኝ ግን ግማሾቻችን «ሉዊዚያና ቴክ፣ 1982» ብለናል፤ ግማሾቻችን ደግሞ «ኢማኩላታ፣ 1972» ብለናል። የሚገርመው ሁለታችንም ወገን የተሳሳተ ምንጭ አልተጠቀምንም። እኔ ከ1982ቶቹ ወገን ነበርኩ። ይህችን ጽሑፍ ያስጀመረችኝ ያቺ የአሥር ዓመት ልዩነት ናት። አሥሩ ዓመት የት ገባ?

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዋንጫ በፊት የነበረው ጊዜ

ቅርጫት ኳስ የተፈጠረው በታኅሣሥ 1891 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። ፈጣሪው ጄምስ ኔይስሚዝ ይባላል። ዓመት እንኳ ሳይቆይ በአቅራቢያው በሚገኘው ስሚዝ የሴቶች ኮሌጅ የስፖርት መምህርት የነበረችው ሰንዳ በረንሰን ጨዋታውን ለተማሪዎቿ አስተማረች። በረንሰን የተወለደችው ሊትዌኒያ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሴት ልጅ ብዙ ከሮጠች ትጎዳለች የሚል እምነት ስለነበረ ሜዳውን ለሦስት ከፈለችው። እያንዳንዷ ተጫዋች ከተመደበችበት ክፍል መውጣት አይፈቀድላትም፤ ኳስ ከሌላዋ እጅ መንጠቅም ክልክል ነው። ሕጉ በየጊዜው እየተሻሻለ ቢሄድም የኮሌጅ ሴቶች እንደ ወንዶቹ አምስት ለአምስት ሆነው ሙሉ ሜዳ እንዲጫወቱ የተፈቀደላቸው በ1971 ነው። ሰማንያ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው!

በነዚህ ዓመታት ጎበዝ ቡድን አልነበረም ማለት አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ያለው ዌይላንድ ባፕቲስት ኮሌጅ ከ1953 እስከ 1958 በተከታታይ 131 ጨዋታ አሸንፏል። ነገር ግን የኮሌጆች የሴቶች ሻምፒዮና ስላልነበረ የሚጫወተው ከፋብሪካና ከመሥሪያ ቤት ቡድኖች ጋር ጭምር ነበር። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ባልዲ የሚደበድቡት ሲስተሮች

በ1971 የሴቶች ስፖርት መምህራን ኤ.አይ.ኤ.ደብሊው የተባለውን የሴቶች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር አቋቋሙ። በመጋቢት 1972 ደግሞ በኢሊኖይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና አካሄዱ። አሥራ ስድስት ቡድኖች ቀረቡ። ከነሱ መካከል ኢማኩላታ የተባለ፣ ከፊላዴልፊያ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ የካቶሊክ ሲስተሮች የሚመሩት ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ነበረ።

ኢማኩላታ ገንዘብ አልነበረውም። ተጫዋቾቹ የጉዞ ገንዘብ ለማሟላት የጥርስ ብሩሽ እየዞሩ ሸጠዋል። ሆኖም የተገኘው ገንዘብ ለሁሉም ስላልበቃ ስምንት ተጫዋቾች ብቻ ሄዱ፤ እነሱም የተጓዙት አውሮፕላን ላይ ትርፍ ወንበር እየጠበቁ ነው። ለቡድኑ የተሰጠው ግምት ከአሥራ ስድስቱ 15ኛ ነበር። ጥቂት ቀደም ብሎም በጎረቤቱ ዌስት ቼስተር በ32 ነጥብ ልዩነት ተደቁሶ ነበር። በፍጻሜው የገጠመው ይኸንኑ ዌስት ቼስተርን ነው፤ 52 ለ 48 አሸነፈ።

ኢማኩላታ በአሠልጣኟ ካቲ ረሽ እየተመራ በ1973ና በ1974ም ደገመው። ሲስተሮቹ ከነቀሚሳቸው ተሰልፈው ባልዲ በዱላ እየደበደቡ ይደግፉ ነበር። በየካቲት 1975 ቡድኑ በኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲጫወት ወደ 12 ሺ የሚጠጋ ተመልካች ገብቷል።

ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ የተከፈተ ቡድን

ኢማኩላታን ከዙፋኑ ያወረደው የሚሲሲፒው ዴልታ ስቴት ነው። የአሠልጣኟ የማርጋሬት ዌድ ታሪክ ብቻውን ጽሑፍ ይወጣዋል። ዌድ በወጣትነቷ ለዚያው ኮሌጅ ትጫወት ነበር። በ1932 ኮሌጁ «ይህ ጨዋታ ለሴት ልጅ ይከብዳል» ብሎ ቡድኑን ዘጋው። በ1973 ቡድኑ እንደገና ሲከፈት አሠልጣኝ እንድትሆን የተጠራችው እሷው ናት፤ ዕድሜዋ ስድሳ ደርሶ ነበር። ከዚያም በ1975፣ በ1976ና በ1977 ተከታታይ ሦስት ዋንጫ ወሰደች።

የቡድኑ ምሰሶ ሉሲያ ሃሪስ ነበረች። ከገበሬ ቤተሰብ የወጣች፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ90 የሆነ፣ በቡድኑ ውስጥ የነበረች ብቸኛ ጥቁር ተጫዋች ናት። በ1976 በሞንትሪያል ኦሊምፒክ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ በኦሊምፒክ ታሪክ የመጀመሪያዋን ኳስ ቅርጫት ውስጥ ያስገባችው እሷ ነች። በ1977 ኒው ኦርሊንስ ጃዝ የተባለው የወንዶች ፕሮፌሽናል ቡድን በምልመላው ስሟን ጠራ፤ እሷ ግን ነፍሰ ጡር ስለነበረች አልሄደችም። የሴቶቹ ፕሮፌሽናል ሊግ ደብሊው.ኤን.ቢ.ኤ የጀመረው ገና በ1997 ነው። ሃሪስ ያረፈችው በጥር 2022 ነው፤ ስለ እሷ የተሠራው አጭር ዶክመንተሪ ኦስካር ሲሸለም ሁለት ወር ገደማ አልፏት ነበር። ብዙ ሰው ስሟን የሰማው ያኔ ነው።

ሕጉ መጣ፤ ትንንሾቹ ወጡ

ኢማኩላታ የመጀመሪያ ዋንጫውን ባነሣ በሦስት ወሩ፣ ሰኔ 23 ቀን 1972፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን «ታይትል ናይን» የሚባለውን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ባጭሩ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ የትምህርት ተቋም በፆታ ምክንያት ማንንም ማግለል አይችልም ይላል። ስፖርት የሚል ቃል እንኳ የለበትም። ሆኖም የኮሌጅ ስፖርት የትምህርት ተቋሙ አካል ነውና ለሴቶች ሜዳ፣ አሠልጣኝና በጀት መመደብ ግዴታ እየሆነ መጣ።

እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይከሰታል። የሴቶቹ ማኅበር መጀመሪያ ላይ የስፖርት ስኮላርሺፕ ይከለክል ነበር፤ የወንዶቹ ስፖርት በገንዘብ የተበላሸ ስለመሰላቸው የነሱን ከዚያ ለመጠበቅ ብለው ነው። በ1973 ግን ራሳቸው ሴት ተጫዋቾች «ወንዶቹ ሲያገኙ እኛ ለምን?» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱና ክልከላው ተነሣ። ትክክል ነበሩ። ውጤቱ ግን ስኮላርሺፕ መስጠት የሚችል ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ጎበዞቹን መሰብሰብ ጀመረ፤ የማይችለው እንደ ኢማኩላታ ያለው ኮሌጅ ከውድድሩ እየራቀ ሄደ። በሩን ለብዙ ሺ ሴቶች የከፈተው ለውጥ መንገዱን በጠረጉት ኮሌጆች ላይ ተዘጋ ማለት ነው። ከዴልታ ስቴት ቀጥሎ ያሸነፈው በ1978 የሎስ አንጀለሱ ዩሲኤልኤ ነው።

መጋቢት 28 ቀን 1982

የወንዶቹን ስፖርት የሚመራው ኃያል ድርጅት ኤን.ሲ.ኤ.ኤ መጀመሪያ ላይ ታይትል ናይንን ሲቃወም ነበር፤ በ1976 እስከ ክስ ድረስ ሄዷል። ሕጉ እንደማይነቃነቅ ሲያውቅ ግን ሐሳቡን ለወጠና በ1981 የሴቶችን ሻምፒዮና ራሱ ለማካሄድ ወሰነ። ለኮሌጆች የጉዞ ወጪ እሸፍናለሁ፣ ተጨማሪ የአባልነት ክፍያ አልጠይቅም አለ፤ ቴሌቪዥንም አብሮት አለ። የሴቶቹ ማኅበር ምን ይዞ ይወዳደር?

መጋቢት 28 ቀን 1982 በአንድ ቀን ሁለት ብሔራዊ ፍጻሜ ተካሄደ። በኖርፎክ ከተማ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ ውድድር ሉዊዚያና ቴክ ቼይኒ ስቴትን 76 ለ 62 አሸነፈ። ቼይኒ በአሠልጣኝ ቪቪያን ስትሪንገር የሚመራ፣ ለጥቁሮች የተቋቋመ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ከሱ በኋላ እስከ 2025 ድረስ እንዲህ ያለ ኮሌጅ ለዚህ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። በዚያው ዕለት ፊላዴልፊያ ውስጥ በሴቶቹ ማኅበር ውድድር ረትገርስ ቴክሳስን 83 ለ 77 ረታ። የረትገርስ አሠልጣኝ ቴሬሳ ግሬንትዝ ናት፤ በ1972 ኢማኩላታን ለዋንጫ ያበቃችው ዋነኛ ተጫዋች! የማኅበሩን የመጀመሪያ ዋንጫ በተጫዋችነት፣ የመጨረሻውን በአሠልጣኝነት አነሣች ማለት ነው። ማኅበሩ ከዚያ በኋላ ፈረሰ፤ ያቀረበውንም ክስ ተረታ።

የኤን.ሲ.ኤ.ኤ የሻምፒዮኖች ዝርዝር የሚጀምረው ከዚህ ቀን ነው። በፊት የነበሩት አሥር ዓመታት ዝርዝሩ ላይ የሉም። ሉዊዚያና ቴክ ራሱ በ1981 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የሴቶቹን ማኅበር ዋንጫ ወስዶ ነበር፤ በዝርዝሩ መሠረት ግን በ1982 «ለመጀመሪያ ጊዜ» አሸነፈ። አሥሩ ዓመት የት እንደገባ ያገኘሁት እዚህ ነው።

ቴነሲ እና ኮኔክቲከት

ከ1982 ወዲህ ያለውን ብዙዎቻችሁ ልታውቁት ስለምትችሉ ዋና ዋናውን ብቻ ልጥቀስ። በ1983ና በ1984 ሼሪል ሚለር የነበረችበት የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሸነፈ። በ1986 ቴክሳስ 34 ተጫውቶ 34ቱንም በማሸነፍ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ ዘመን የመጀመሪያው ያልተሸነፈ ሻምፒዮን ሆነ። በ1993 የቴክሳስ ቴኳ ሼሪል ስዉፕስ በፍጻሜው ብቻዋን 47 ነጥብ አስቆጠረች።

የዘመኑ ገዢዎች ግን ሁለት ናቸው። ፓት ሰሚት በ1974 ቴነሲን ስትረከብ ዕድሜዋ 22፣ ደመወዟ በወር 250 ዶላር ነበር። መኪናውን የምትነዳው እሷ፣ ማልያ የምታጥበውም እሷ። ሁለት ዓመት ቆይታ ሞንትሪያል ላይ ከሉሲያ ሃሪስ ጋር አብራ ተሰልፋለች። ከ1987 እስከ 2008 ስምንት ዋንጫ ወሰደች፤ የ1998ቱ ቡድኗ 39 ለዜሮ ነው። በሷ ሥር የተጫዋችነት ዘመናቸውን የጨረሱ ሁሉ ተመርቀዋል፤ እኔን ከዋንጫው ይልቅ የገረመኝ ይኼ ነው። በ2011 የመርሳት በሽታ እንደያዛት ይፋ አደረገች፣ በ2012 ሥራዋን ለቀቀች፣ በ2016 አረፈች።

ሁለተኛው በሰባት ዓመቱ ከጣሊያን ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጂኖ ኦሪያማ ነው። በ1985 ኮኔክቲከትን ሲይዝ የሚያውቀው አልነበረም። በ1995 ሳይሸነፍ የመጀመሪያውን፣ በ2025 አሥራ ሁለተኛውን ዋንጫ አነሣ። ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚጠቅመው አንድ ነገር አለ፦ ከ1994 ጀምሮ የግዛቱ ሕዝባዊ ቴሌቪዥን የቡድኑን ጨዋታዎች በመደበኛነት ያስተላልፍ ነበር። ተመልካች እስኪኖር ጠብቆ ሳይሆን፣ እያሳየ ተመልካች አፈራ።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኩት ቁጥር እንመለስ። ኮኔክቲከት ከ2014 እስከ 2017 በተከታታይ 111 ጨዋታ አሸንፎ በግማሽ ፍጻሜ በሚሲሲፒ ስቴት፣ በተጨማሪ ሰዓት፣ 66 ለ 64 ቆመ። ይህ የኤን.ሲ.ኤ.ኤ ሪከርድ ነው። የዌይላንድ 131ስ? እሱ «ከመዝገብ በፊት» ነው።

የሚቆጠረው ምንድነው?

ጉዳዩ የድሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2021 ውድድር ላይ የኦሪጎኗ ተጫዋች ሴዶና ፕሪንስ በስልኳ የቀረጸችው አጭር ቪዲዮ ለወንዶቹ ሙሉ የክብደት ማንሻ አዳራሽ፣ ለሴቶቹ ደግሞ አንድ መደርደሪያ የእጅ ክብደት ብቻ መቀመጡን አሳየ። ምርመራ ተካሄደ፤ ድርጅቱ የሴቶቹን ውድድር ከሚያወጣው ዋጋ በታች ሲሸጠው እንደኖረ ተጻፈ። በ2024 ደቡብ ካሮላይና አይዋን 87 ለ 75 ያሸነፈበትን ፍጻሜ በአሜሪካ ወደ 19 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመለከተው። ከወንዶቹ ፍጻሜ በለጠ፤ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ወንዶቹ ከ1991 ጀምሮ ለሚያሸንፉት ጨዋታ ይከፈል የነበረው የውድድሩ ገንዘብ ለሴቶቹ መከፈል የጀመረው በ2025 ነው።

በዚያው በ2025 ዩሲኤልኤ «ለመጀመሪያ ጊዜ» ለመጨረሻዎቹ አራት መድረሱ ተዘገበ። በ1978 ዋንጫውን ወስዶ ነበር እኮ! ዜናው ውሸት አይደለም፤ ግን «በኤን.ሲ.ኤ.ኤ ውድድር» የሚሉ ሁለት ቃላት ከተዘለሉ አንድ ሙሉ ቡድን ከታሪክ ይወጣል።

እርግጥ ሁለቱን ዘመን ደባልቆ መቁጠርም ትክክል አይሆንም። ያኔ ስኮላርሺፕ አልነበረም፣ ቡድኖቹ ጥቂት ነበሩ። ስለዚህ የኮኔክቲከትን አሥራ ሁለትና የኢማኩላታን ሦስት አንድ ሚዛን ላይ አናስቀምጥም። ግን ሁለቱንም መጻፍ ምንም አያስከፍለንም።

የቤት ሥራዬን እንደገና ጽፌዋለሁ። አሁን እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያው ብሔራዊ ሻምፒዮን በ1972 ኢማኩላታ ነው፤ በኤን.ሲ.ኤ.ኤ ውድድር የመጀመሪያው ደግሞ በ1982 ሉዊዚያና ቴክ ነው።» አንድ መስመር ረዘመብኝ። ሆኖም የጥርስ ብሩሽ እየሸጡ የሄዱት ስምንት ልጆች ለዚያች አንድ መስመር የሚበቃ ነገር ሠርተዋል።