ሳይነካ የሚለካው መሣሪያ የእኛን ቆዳ ያውቀዋል ወይ?

ከላስ ቬጋስ

ይህችን ማስታወሻ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ታሞ ሆስፒታል የተኛ ወዳጄ ነው። እንደ ብዙዎቻችን ላስ ቬጋስ ውስጥ በታክሲ ሥራ የሚተዳደር ነው። ልጠይቀው ስሄድ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ጣቱ ላይ የተሰካው መሣሪያ ግን ኦክስጅኑን 94 በመቶ ያሳያል። "ቁጥሩ ደህና ነው" አሉን። ኋላ ከደም ቅዳው ደም ተወስዶ ሲመረመር ግን ኦክስጅኑ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ።

የአንድ ሰው መጥፎ ዕድል መስሎኝ ነበር፤ ሳነብ ግን እንዳልሆነ ገባኝ። ይህ መሣሪያ (ፐልስ ኦክሲሜተር) ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዮያጊ በ1974 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገው ሐሳብ የመጣ ነው። ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ደሙ ምን ያህሉን እንደዋጠው ይለካል። ችግሩ ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። በዲሴምበር 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባሳየበት ጊዜ የደሙ ኦክስጅን በእርግጥ ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በጥቁሮች ላይ 11.7 በመቶ፣ በነጮች ላይ 3.6 በመቶ መሆኑን አሳየ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ2021 አስጠነቀቀ፤ በ2025 ደግሞ መሣሪያው በተለያየ የቆዳ ቀለም እንዲፈተሽ የሚል ረቂቅ መመሪያ አወጣ።

አሁን ደግሞ ሽቦም ሆነ ጣት የማይፈልግ መሣሪያ መጥቷል። በየጃንዋሪው እዚሁ ከተማችን በሚካሄደው ሲኢኤስ በተባለው የኤሌክትሮኒክስ ትርዒት ላይ የዚህ ዓይነት ዕቃ አይጠፋም። በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራዳር ነው፤ ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ደረት ልኮ ሲመለስ ይቀበልና፣ ከደረት እንቅስቃሴ ትንፋሽንና የልብ ምትን ይለያል። ለዚህኛው የቆዳ ቀለም ግድ አይሰጠውም፤ በሽተኛው ሲገላበጥ ግን ይደናገራል፤ የደም ኦክስጅንንም አይለካም። ሁለተኛው ካሜራ ነው፤ ልብ በመታ ቁጥር ፊት ላይ የሚፈጠረውን፣ ዓይን የማያየውን የቀለም ለውጥ ያነባል። ይህም በብርሃን የሚሠራ በመሆኑ ያው የሜላኒን ጣጣ ይከተለዋል።

አገር ቤትስ? አንዲት ነርስ ብዙ ሕሙማን በምትጠብቅበት ክፍል እንዲህ ያለ መሣሪያ ትልቅ እፎይታ በሆነ ነበር። ነገር ግን መረጃውን ራቅ ላለ ሐኪም የሚያደርሰው ኔትወርክ ነው። በኖቬምበር 2020 በትግራይ፣ በኦገስት 2023 በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲዘጋ አይተናል። መስመሩ በባለሥልጣን ትዕዛዝ በሚቆረጥበት አገር፣ መሣሪያው ቢገዛ እንኳ ለሩቁ ሐኪም ዲዳ ነው።

ወገኖቼ፣ መሣሪያውን ጥሉት ማለቴ አይደለም፤ የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። የምለው ይህን ነው፦ ትንፋሽ አጥሯችሁ ቁጥሩ "ደህና ነህ" ካላችሁ ዝም አትበሉ። ከደም ቅዳ የሚወሰደው ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ። አዲስ መሣሪያ ሲመጣም "እንደ እኔ ባለ ቆዳ ላይ ተፈትኗል ወይ?" በሉ። ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? እዚህ ግን የሚቀረው ማዕረግ ሳይሆን ሕይወት ነው።

ወዳጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሽሎት ወደ ታክሲው ተመልሷል።

ቸር ይግጠመን።